ነጯ መሃል ስትገባ

አባቴ የመታጠቢያ ቤቱን በር በእግሩ ገፋ አድርጎ ይዘጋና ሁለቱን ግራጫ ጥንቸሎች ወለሉ ላይ ያስቀምጣቸዋል። እኔ ነጯን ደረቴ ላይ ለጥፌ ቆሜአለሁ። ወለሉን ጠዋት ሦስት ጊዜ በአቼቶ አጥቤዋለሁ፤ ጥንቸሎች የማንም ጠረን በሌለበት ቦታ ይተዋወቁ የሚል አንብቤ።

«ምሁሯ፣ ልቀቂያት እንጂ» ይላል አባቴ። «ልትድሪያት ነው እንዴ እንዲህ ያቀፍሻት?»

«ቆይ፣ ቆይ» ትላለች እናቴ። ከግራጫዎቹ ጎጆ ያመጣችውን አሮጌ ሣር በእፍኟ ይዛ ነጯን ከጆሮዋ እስከ ጅራቷ ታሻታለች። «የነሱን ጠረን ካልለበሰች ማን ያስጠጋታል?»

የጠዋቱ ልፋቴ በአንድ እፍኝ ሣር ገደል ገባ። ነጯን ለእጇ አመቻችላታለሁ። ወላጆቼ ዘንድ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንቴ ነው፤ እዚህ ቤት ዝም ማለት ለምዶብኛል።

ነጯን የገዛኋት እኔ ነኝ። ዛሬ ካልተስማሙ ሻጩ ማታ መጥቶ ይወስዳታል፤ እሱ ደግሞ የሚያረባው ለሥጋ ነው። ግራጫዎቹን ወላጆቼ ያመጧቸው እኔ በሄድኩ በወሩ ነበር። ዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን ተለያይተው አያውቁም።

እለቃታለሁ።

የጠበቅኩት ንክሻና ግርግር ነበር፤ ለመገላገያ ፎጣ ሁሉ አዘጋጅቻለሁ። ግራጫዎቹ ግን እኩል ይነሳሉ። አንዱ በቀኝ፣ አንዷ በግራ ይዞሩና ይጠጓታል። ደግሞ ይጠጓታል። ነጭ ፀጉሯ በሁለቱ መሃል እየጠበበ፣ እየጠበበ ቀጭን መስመር ይሆናል። አንዳች ድምፅ የለም።

«አየሽ፣ እንዲያው ዝም ብለሽ…» ይላል አባቴ።

«…ስትጨነቂ» ትጨርስለታለች እናቴ። «ይኸው ተኛች።»

የነጯ ዓይን ተገልጧል። ጥንቸል ዓይኗን ገልጣ እንደምትተኛ አውቃለሁ። ፍርሃት ያደረቃትም ዓይኗን አትከድንም። የትኛው እንደሆነ በማየት አይለይም።

ተንበርክኬ እጄን ጀርባዋ ላይ አሳርፋለሁ። ልቧ መዳፌን ይደበድበዋል።

«እማዬ፣ ይቺ አልተኛችም። ላውጣት?»

«አውጥተሽስ?» ትላለች እናቴ ረጋ ብላ። «ለቢላ ልትሰጪያት?»

ጣቶቼን ከሆዷ ሥር ላስገባ ስል ግራጫዎቹ አንገታቸውን እኩል ያዞራሉ። ወደ እጄ አይደለም፤ ወደ ፊቴ። ከኋላዬ ሁለት ድምፅ እንደ አንድ ሆኖ ይመጣል።

«ተያት።»

እጄን እሰበስባለሁ። ነጯ አትንቀሳቀስም።

«ተስማምተዋል» እላለሁ።

አባቴ ስልኩን አውጥቶ ለሻጩ እንዳይመጣ ይነግረዋል። «ቤተሰብ ሆናለች ወንድሜ፣ ሌላ ሥጋ ፈልግ!» ብሎ ይስቃል። ከዚያ በመታጠቢያ ገንዳው ጠርዝ ወዲያኛው ጫፍ ይቀመጣል፤ እናቴ በወዲህኛው። መሃላቸው ያለውን ክፍት ቦታ በመዳፏ መታ መታ ታደርገዋለች።

«ነይ፣ የኔ ልጅ። ቆመሽ ቀረሽ እኮ።»

እቀመጣለሁ። ትከሻቸው ከቀኝና ከግራ ይነካኛል፤ ይሞቃል። ደግሞ ጠጋ ይላሉ።

ዓይኔን አልከድንም።