ያልተለወጠው ዛጎል

ተመራማሪዋ ስለ ጥንት ዝናብ የጀመረችው ጥናት ፍሬ የሚያፈራው አንድ እንኳ ያልተለወጠ ዛጎል ከተገኘ ብቻ ነበር። አፋር በረሃ ላይ፣ ጥንት ከደረቀ ሐይቅ ወለል ሠላሳ ስምንት ለቅማ አምጥታለች። ዛጎል መሬት ውስጥ ብዙ ሺህ ዘመን ሲቀመጥ ውሃ ቀስ እያለ ማዕድኑን ይለውጠዋል፤ መልኩ እንደነበረ ሆኖ ውስጡ ሌላ ይሆናል። እንዲህ ያለው ስለ ጥንቱ ዝናብ ቢጠየቅ የሚመሰክረው በሐሰት ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ስትቆርጥ፣ ስትሞርድ፣ በማይክሮስኮፕ ስታይ ከረመች። የሠላሳ ሰባቱም ውስጥ ተለውጦ እንደ ስኳር ፍሬ ሻካራ ሆኖ አገኘችው። ዓይኗ ደክሟል። የመጨረሻውን ስታስገባ "እንደ ፈቃድህ" አለች።

እንደ ድርና ማግ የተላለፉ ስስ ንብርብሮች፣ አንዱም ሳይዛነፍ ታዩአት፤ ይህኛው አልተለወጠም።

በረሃ ለበረሃ እየመሩ ላዞሯት ለአቶ ሁመድ ደወለች። "አባባ፣ ያ ጫፉ ያልተሰበረው ዛጎል ትዝ ይልዎታል? ከየት ነው ያነሳሁት? ተመልሼ ልምጣ።"

ሽማግሌው ሳቁ። "እሱንማ አንቺ መቼ አነሳሽው! በዚያ ፀሐይ ጎንበስ ብለሽ ስብርባሪ ስትለቅሚ፣ ወላሂ አንጀቴን በላሽው። አሁን ካለው ሐይቅ ዳር ሄጄ፣ ውሃው በቅርብ የተፋውን ደህናውን መረጥኩልሽ። እንዳታውቂብኝ ጭቃ አሸት አድርጌ ሳጥንሽ ውስጥ ከተትኩት። ወደድሽው?"

ዛጎሉን ከማይክሮስኮፑ ሥር አውጥታ ከጥንቶቹ ለይታ አስቀመጠችው።

"ከሁሉም እሱ አማረ፣ አባባ" አለች። "እግዜር ይስጥልኝ።"