አንቀመጥም

እናቲቱ የልጇን የተሰበረ ክንድ ለቀዶ ጥገና አልሰጥም ብላ ከሐኪሙ ጋር ከተኳረፈች ሁለት ቀኗ ነው። ሐኪሙ አጥንቱ ስለደቀቀ በወቅቱ ካልተሠራ እጇ ጠማማ ሆኖ ይቀራል ይላል። እሷ ደግሞ፣ «ቢላ ሳይነካት ወጌሻ ዘርጋው ጋ እወስዳታለሁ» ትላለች። ዘርጋውን አይታቸው አታውቅም፤ ዝናቸውን ግን ከጎረቤቶቿ ሰምታ ጠግባለች።

በሦስተኛው ቀን ጧት፣ የቸገረው ሐኪም ከአዋቂዎች ክፍል ሦስት ታማሚ ሽማግሌዎች ላከባት። አንደኛው ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ሁለተኛው የግሉኮሳቸውን ማንጠልጠያ እየገፉ፣ ሦስተኛው ጄሶ የታሰረ እግራቸውን አንጠልጥለው በክራንች እየተደገፉ ገቡና ከልጅቷ አልጋ ፊት ተደርድረው ቆሙ።

«አረፍ በሉ እንጂ አባቶቼ» አለች ደንግጣ።

«እሺ ሳትዪን አንቀመጥም» አሉ ባለክራንቹ። ከግንባራቸው ላቡ ይወርዳል።

«ኧረ እባክዎ፣ በዚህ እግርዎ?»

«ልጅቷን ለሐኪሙ ስጪና እቀመጣለሁ።»

«ዘርጋው ጋ ልወስዳት ነው አልኩ እኮ።»

«ዘርጋው ቤቱ የለም።»

«ማን ነገረዎት?»

ሽማግሌው ጄሶውን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት። «ባጃጅ ተገልብጦብኝ እዚህ ከተኛሁ ሦስት ሳምንቴ ነው። የልጅሽን ራጅ አይቼዋለሁ፤ ደጄ ብትመጪም ወደዚሁ ነበር የምመልስሽ።»

እናቲቱ ጄሶውን አየች፤ የልጇን ክንድ አየች። ከዚያ ወንበሩን ከግድግዳው ሥር ጎትታ አመጣችና በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላቸው።

«በሉ ይቀመጡ፣ ጋሽ ዘርጋው» አለች።