ጨው የሌለው ወጥ

ሽማግሌው አምፔም ለቡአው ቀዶ ጥገና ከማድረጉ በፊት የደም ግፊቱ መውረድ አለበት ተባለ። ጨው የለም፣ መጠጥ የለም፣ የኮላ ፍሬ ማኘክ የለም። ለምርመራ ሐሙስ ይመለሳል፤ ግፊቱ ወርዶ ከተገኘ በሚቀጥለው ሳምንት ይተኛል። ነርሷ ይህን ሁሉ የነገረችው ለእሱ ሳይሆን ለሚስቱ ለፖኩዋ ነው። የባል ሆድ በማን እጅ እንዳለ ነርሶች ያውቃሉ።

«ሰምተሃል?» አለችው ፖኩዋ ወደ ቤት ሲመለሱ። «ከዛሬ ጀምሮ ፉፉ ገንፎህን ጨው በሌለው ወጥ ነው የምትውጠው።»

«ቢላዋው ሳይደርስብኝ ያንቺ ወጥ ሊገድለኝ ነው በዪኛ!»

ሁለቱም ሳቁ።

በማግስቱ የአምፔም የእህት ልጅ አዶማኮ መሰላልና ቀለም ይዞ መጣ። ከወንድሞቹ ጋር ሆኖ ያረጀውን ግድግዳ ይፍቅ ጀመር።

በከተማቸው በማምፖንግ የበሽተኛ ቤት ቀለም ሲቀባ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ለቅሶ የሚመጣ እንግዳ አሮጌ ግድግዳ ማየት የለበትም። ሰውዬው ዕድሜ ልኩን በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ቢኖር ማንም ጉዳዬ አይልም፤ ሲሞት ግን ቤቱ ያምርለታል። የፖኩዋ ጎረቤት ባል ገና ሳይቀበር ነበር ቤቱ ቢጫ የተቀባው። ቀለሙ በቅጡ ሳይደርቅ ሚስቲቱ ምንጣፏን ተሸክማ ወጣች። በዚያ አገር ሰውን የሚወርሰው የእህቱ ልጅ ነው፤ ሚስት ስንት ዓመት ብትኖር እንግዳ ናት።

«እትዬ፣ በሩን ምን ቀለም እናድርገው?» አለ አዶማኮ ከመሰላሉ ላይ ሆኖ።

«እኔን ምን ጥልቅ አደረገኝ? ቤቱ የኔ ነው?»

ልጆቹ ተያይተው ሳቁ። አምፔም ከዛፉ ጥላ ሥር ጉሮሮውን ጠራረገ። ሳቃቸው ፖኩዋን አሳረራት።

ማታውን አዶማኮ አንድ ሳጥን የጂን አረቄ አምጥቶ ከአጎቱ አልጋ ሥር አስገባ።

«ላንተ ተከልክሏል፤ ማን ሊጠጣው ነው?» ስትል ባሏን አፋጠጠችው።

«ከምርመራው በኋላ ቅዳሜ ሽማግሌዎች ይመጣሉ።»

«ለምን ጉዳይ?»

«መጀመሪያ ሐኪሙ ጤነኛ ነህ ይበለኝ፤ ያኔ ትሰሚያለሽ። የበሽተኛን ቃል ማን ይቀበላል ብለሽ ነው?»

ፖኩዋ ከዚህ በላይ መስማት አላስፈለጋትም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ጂን ይፈሳል፣ ሰውዬውን ያናዝዙታል። ከዚያ ቢላዋው ይገባበታል፣ ቀለሙም ሥራውን ይሠራል። ይህ ሞኝ ደግሞ ደስ ብሎታል! ለቤቱ ፈርታለች፣ አይካድም። ለእሱ ግን የበለጠ ፈርታለች፤ ሲያንኮራፋ ካልሰማች እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ነበረች።

ምርመራውን ካላለፈ ቢላዋ አይነካውም። ቢላዋ ካልነካው አይሞትም። እሷ የታያት ይኸው ነበር።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ጨው የጠጣ ደረቅ ዓሣ እየወቀጠች የለውዝ ወጡ ውስጥ ትጨምር ጀመር። ጨውነቱ እንዳይታወቅ በርበሬውን አበዛችበት።

«አሁን ገና ወጥ ወጥ አለ!» አለ አምፔም ጣቱን እየላሰ። «ያለ ጨው እንዲህ ማጣፈጥ እያወቅሽ ነው እስከዛሬ ጨው ስታስገዢኝ የኖርሽው?»

ሐሙስ ነርሷ የግፊት መለኪያውን ክንዱ ላይ ጠመጠመች። ቁጥሩን አየች። እንደገና ለካችው።

«አባባ፣ ጨው በልተዋል?»

«በአባቴ አጥንት አልበላሁም፣ ልጄ! ሚስቴን ጠይቂያት።»

«ጨው እኔ ማድቤት አይደርስም» አለች ፖኩዋ ወለሉን እያየች።

«እንግዲያው ሐኪሙ አይፈቅድም። በወሩ ይመለሱ። እስከዚያ ከባድ ነገር እንዳያነሱ። ያበጠው ቦታ ጠንክሮ ካመመዎት ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በሩጫ ይምጡ።»

«ልጄ፣ እባክሽ፣ ደህና ነው በይልኝ» አለ አምፔም። እንባው መጣ። «ለአንዲት ቃል ነው እኮ።»

ነርሷ ራሷን ነቀነቀች። ደጅ ሲጠብቅ የነበረው አዶማኮ ወሬውን ሲሰማ ባርኔጣውን መሬት ላይ ወረወረ።

«ቅዳሜስ?»

«ቅዳሜ ቀረ» አለው አጎቱ።

ፖኩዋ የወጣቱን ፊት አየችና ደግ ሠራሁ አለች በልቧ።

በወሩ ሲመለሱም ያው ሆነ። በሌላውም ወር እንዲሁ። አምፔም እየተከዘ፣ ቡአውም እያበጠ ሄደ።

አንድ የገበያ ቀን ረፋድ ላይ አምፔም ከደጃፉ ላይ ሆዱን ይዞ ተዘረጋ። ያበጠው ቦታ ድንጋይ ሆኖ ነበር። ታክሲ ተፈልጎ ሆስፒታል እስኪደርስ አንጀቱ ታንቆ ጠቁሯል። የግፊቱን ነገር ማንም ሳይጠይቅ ቀደዱት፤ አልተረፈም።

ለቅሶው በአዲሱ ቀለም ሥር ተደረገ። የመጣው ሰው ሁሉ ቤቱን አደነቀ። ፖኩዋ ጥግ ይዛ «አላልኩም?» ትላለች ለራሷ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ሐዘኑ ሲያበቃ የቤተ ዘመዱ አለቃ ቁልፉን ጠየቃት። ክፉ ቃል አልተናገራትም፤ ወጉ ነው። አዶማኮም እዚያው ቆሞ ነበር። ሳጥኗን እስከ መኪናው የተሸከመላት ግን እሱ ነው።

«እንግዲህ ደስ ይበልህ!» አለችው። «አጎትህን በቁሙ ቀበርከው፤ ቤቱንም ወረሳችሁት። ለኔ እንኳ አንድ ክፍል አትተዉልኝም?»

አዶማኮ ሳጥኑን አስቀመጠ። ፊቱን በክንዱ ጠረገ።

«እትዬ፣ አጎቴ እኮ ሐኪሙ ጤነኛ ነዎት ካላቸው ያን ቅዳሜ ይህን ቤት በሽማግሌዎች ፊት ለእርስዎ ሊሰጡ ነበር፤ ከዘመድ በኩል ምስክራቸውም እኔ ነበርኩ።»