አርባ ሰባት ቁጥር

ከስድስት ዓመት በፊት ሁለት አዛውንት ባልና ሚስት ወደ ጦር ሙዚየሙ መጥተው፣ ልጃቸው የሞተበት አርባ ሰባት ቁጥር ታንክ የትኛው እንደሆነ ሲጠይቁ፣ ዘበኛው ደምሰው አንጀቱ አልችል ብሎ «ነገ ኑ» አላቸው። እንደሄዱም ግቢው ውስጥ ከቆሙት ታንኮች የአንዱን ቁጥር በቀለም አጥፍቶ አርባ ሰባት ብሎ ጻፈበት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ልጁ በሞተበት ቀን እየመጡ ብረቱን ስመው ይሄዳሉ።

ዘንድሮ ግን ታንኮቹ ሊታደሱ ስለሆነ፣ ሠራተኞች የአርባ ሰባትን ቀለም እየፋቁ ሳለ እናትየው ባላቸውን ቀድመው ገቡ።

«እማማ፣ ዛሬ ዝግ ነው። ሳምንት ይምጡ» አለ ደምሰው ፊታቸው ተገትሮ።

«ሙት ዓመት ይቀጠራል እንዴ ልጄ?» ብለው አለፉት።

ሠራተኛው መፋቂያውን ሲያነሳ ከአርባ ሰባት ሥር ነጭ አሥራ ሁለት ብቅ አለ። ሴትዮዋ ቁጥሩን ትክ ብለው አዩት።

«የልጄስ ታንክ በረሃ ላይ ተቃጥሎ ቀርቷል፤ ጓደኛው ያኔውኑ ነግሮኛል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በል ቶሎ መልሰህ ጻፈው። አባቱ በሩ ጋ ጫማውን እያወለቀ ነው።»