ስድስተኛው ደረጃ

መምህሩ የጋዜጠኝነት ትምህርቱን በስድስት ደረጃ አቅዶታል፤ ከማስታወስ ይነሳና በመረዳትና በመተንተን አልፎ አዲስ ነገር መፍጠር ላይ ይደርሳል። ቋሚ ሆኖ መቀጠሩ የሚወሰነው ዛሬ ክፍል ገብተው ትምህርቱን የሚከታተሉት ገምጋሚ በሚሰጡት ነጥብ ነው። ስለዚህ ጠዋት ተማሪዎቹን አስጠንቅቋል።

"ስጠይቅ ሁላችሁም እጅ አውጡ። የምታውቁ ቀኝ፣ የማታውቁ ግራ።"

በጠየቀ ቁጥር ክፍሉ በእጅ ተሞላ። እሱም ቀኝ ቀኙን እየመረጠ አስመለሰ። ከኋላ የተቀመጡት ገምጋሚ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። የቀረው የመጨረሻው ደረጃ ብቻ ነበር።

"እስቲ ዛሬ በዓይናችሁ ካያችሁት ነገር አንድ ዜና ሥሩ" አለ።

ስንዱ የምትባለው ተማሪ ቀድማ ተነሳች፤ ድምጿንም እንደ ዜና አንባቢ አወፈረች።

"በዚህ ክፍል ግራ እጃቸውን የሚያወጡ ተማሪዎች መልሱን እንደማያውቁ ተረጋገጠ። ስማቸው እንዳይጠቀስ የፈለጉ ሦስት ተማሪዎች እንደገለጹልን፣ መመሪያው የተሰጠው ዛሬ ጠዋት ነው።"

ክፍሉ አውካካ። ስንዱ እስክሪብቶዋን እንደ ማይክሮፎን ይዛ ወደ መምህሩ አፍ አስጠጋች።

"ዜናው ሚዛናዊ እንዲሆን ነው፣ ቲቸር። እርስዎ ምን ይላሉ?"

ገምጋሚዋም መልሱን ለመስማት አንገታቸውን አሰገጉ።

መምህሩ ስንዱን አየ፤ ገምጋሚዋን አየ። ከዚያም ቀስ ብሎ ግራ እጁን አወጣ።