ካርዱ እምቢ ያለ ሰሞን

የከባድ መኪና ሹፌር ሳለ ጓደኞቹ «ፍሬቻ» ይሉት ነበር። ሊያደርግ ያሰበውን አስቀድሞ ለዓለም ሳያውጅ መች ያደርግና! ጡረታ ወጥቶም ስሙም አመሉም አልለቀቁትም።

ያን ሰሞን የሚያውጀው አንድ ነገር ነበር። የከተማው አውቶቡስ በካርድ ብቻ ሆነ። ሰፈሩ ውስጥ ደግሞ ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤትና ገበያ ተከፈተ፤ ሁሉም ጋ በእግር ይደረሳል።

«ሁሉን አፍንጫሽ ሥር የሚያመጡልሽ ወደውሽ መሰለሽ?» አላት ሚስቱን። «ከሰፈር እንዳንወጣ ነው! ካርዱን ጥርቅም ማድረግ ነው የቀራቸው።»

«ኧረ ጉድ ነው!» አለች ሚስቱ፣ አዲሱን መጋረጃ እየሰቀለች።

ፍሬቻ ግን መላ አግኝቷል። ቤቱን ሸጦ፣ ካርድ የሚባል ነገር ያልደረሰበት ገጠር መግባት። ቦታውንም አግኝቷል፤ ሰኞ ሄዶ ይዋዋላል። ሚስቱ አንድ ጊዜ «የልጅ ልጆቻችንስ? ጓሮ ለጓሮ ሆነን?» ብላ ነበር። ሲቆጣ ተወችው።

ሰኞ ጠዋት አውቶቡሱ በር ላይ ካርዱን ቢያስነካ ማሽኑ ቀይ አበራ። ደገመው፤ ቀይ።

«ተዘግቷል፣ አባቴ» አለ ተቆጣጣሪው። «ስልክዎን ያምጡና በሱ እንክፈተው።»

«ስልክ? ሰላይ ኪሴ ይዤ ልዙር?» ፍሬቻ ስልክ ይዞ አያውቅም። እንዲህ ያለውን ጣጣ የምትጨርስለት ሚስቱ ናት።

«እንግዲያው በኔ ካርድ ይግቡ።»

«ያንተንም እንዲዘጉብህ? ተው ልጄ፣ ቤተሰብ ይኖርሃል።»

በማግስቱ ከሚስቱ ጋር እህቷን ሊጠይቁ ሲሄዱ፣ ያው ካርድ አረንጓዴ አብርቶ አሳለፈው። ፍሬቻ ክው አለ።

«አየሽ?» አላት ጆሮዋ ሥር። «ወዴት እንደምሄድ ያውቃሉ!»

«እንዴት አድርገው ይሆን?» አለች ሚስቱ።

ባለቦታው እስከ ቅዳሜ ካልመጣህ ለሌላ እሰጠዋለሁ ብሏል። ፍሬቻ ዓርብ ማታ «ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ እሄዳለሁ!» ሲል አወጀ። ቅዳሜም ካርዱ ቀይ ሆነ። ተቆጣጣሪው እንኳ አዘነለት።

ቤቱ ሲገባ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ዕድሜ ልኩን አገር ላገር የዞረ ሰው፣ በስተርጅና አንድ በር ከለከለው።

«እንግዲህ ምን ይደረግ» አለች ሚስቱ ትከሻውን ይዛ። «አሸነፉን።»

«ማን? እኔን?» ጠረጴዛውን በቡጢ መታው። «ሞቼ እገኛለሁ! ቤቱ አይሸጥም! ከዚህ ንቅንቅ አልልም! ከሰፈሬ ማን እንደሚያስወጣኝ አያለሁ!»

«ቁርጥህ ነው?»

«ቁርጤ ነው!»

ይህንኑ ለጎረቤት ሊያውጅ እየተንደረደረ ሲወጣ፣ ሚስቱ ስልኳን አነሳችና ካርዱን መልሳ ከፈተችለት።