የትርፍ ጊዜ ዝንባሌ

«ከየት እንጀምር?» ትላለች ጸሐፊዋ ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ እያስተካከለች። የምትጠይቀው እኔን ነው፤ ዓይኗ ግን አባቴ ላይ ነው። አሥራ አንድ ዓመት በሰፈሩ ጽሕፈት ቤት አብራው ሠርታለች። እሱ እዚያው ተቀምጦ ስለ እሱ ሌላ ሰው መጠየቅ ነውር ሆኖባታል።

ቅዳሜ ሰፈሩ ይሸኘዋል። አዲስ ሊቀመንበር ተመርጧል። ለአባቴ ሽልማት ይሰጠውና ታሪኩ በአንድ ገጽ ተጽፎ ይነበባል። ራሱ እንዳይናገር፣ ከአራት ወር በፊት ስትሮክ መትቶት ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ፣ አንደበቱም አልፈታ ብሎታል። የምንለውን ሁሉ ይሰማል፣ ይገባዋልም። መልስ ልስጥ ሲል ግን ከአፉ የሚወጣው «እ... እ...» ብቻ ነው። ሰፈርተኛው «ማጉያ» እያለ የሚጠራው ሰው፣ ስብሰባ ላይ ማይክ ሲያቀብሉት «ለሌላው ስጡት፤ እኔ ስፈጠር ተገጥሞልኛል» እያለ የሚያስቀው ሰው፣ አሁን ውሃ ሲጠማው በጣቱ ነው የሚያሳየን።

የሥራውን ጉዞ ለመናገር አልተቸገርኩም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ሆነ። ከዚያ ሾፌር፣ ከዚያ የሾፌሮች ተወካይ። ፍሬናቸው ያለቀ አውቶቡሶች ካልተጠገኑ አንነዳም በማለቱ ሁለት ሳምንት ከሥራ ታግዷል። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሁለት ዓመት የሰፈሩ ሊቀመንበር። የውሃው መስመር፣ የመንገዱ መብራት፣ ወንዙ ላይ ያለው የእግረኛ ድልድይ የእሱ ድካም ናቸው። ጠበኛ የሚታረቀው እኛ ሳሎን ነበር። የቤት ሥራዬን የምሠራው በአጥር ድንበር የተጣሉ ጎረቤቶች መሃል ተቀምጬ ነበር።

አባቴ ያዳምጠኛል። ዓመተ ምሕረት ስሳሳት የግራ እጁን ጣት ያነሳል፤ አርማለሁ። እንዲህ እየተጋገዝን እስከ ዛሬ ደረስን።

«እንግዲህ ይቺ ብቻ ቀረች» ትላለች ጸሐፊዋ። «የትርፍ ጊዜ ዝንባሌ።»

«ትርፍ ጊዜ መች ነበረውና» እላለሁ።

ለቀልድ ያልኩት ነበር። አፌ ላይ ሲደርስ መረረኝ። ስመረቅ አባቴ የደረሰው አዳራሹ ተዘግቶ፣ ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ነው። በውርስ ቤት የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾችን ሊገላግል ሄዶ ነበር። ያኔ ሆድ ይፍጀው ብዬ አለፍኩት። ሆዴ ግን እስካሁን አልፈጀውም።

ጸሐፊዋ ጥቂት አስባ «ሕዝብን ማገልገል» ብላ መጻፍ ትጀምራለች። መቼም ሌላ ምን ይባላል ብዬ ተውኳት።

«እ!» ይላል አባቴ። በግራ እጁ የወንበሩን ክንድ ይመታል።

አልተስማማም። ኳስ መመልከት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። አይደለም። ማንበብ? አይደለም። ጸሐፊዋ ቼዝ አለች፣ አትክልት መንከባከብ አለች። በእያንዳንዱ ጥያቄ ግንባሩ ላይ ላብ እየወጣ፣ ዓይኑ እየቀላ ሄደ። የገዛ አባቴ ምን እንደሚወድ እንደ እንቆቅልሽ እየገመትኩ ነው። ደግሞም አላወቅኩትም።

እናቴ እጇን በፎጣ እያደራረቀች ከወጥ ቤት ትወጣለች። ነገሩን ጠይቃ ተረዳች። አባቴን ትኩር ብላ አየችው፤ እሱም አያት።

«ዘፈን ነው» አለች።

ሾፌር ሳለ እየነዳ ይዘፍን ነበር አለችን። ተሳፋሪው ሌላውን አውቶቡስ እያሳለፈ የእሱን ይጠብቃል። ከጠባቂዎቹ አንዷ እሷ ነበረች። ሊቀመንበር በሆነ በወሩ አንድ ሰርግ ላይ ዘፈነ። በማግስቱ፣ እሱ የፈረደበት ሰው በስብሰባ መሃል ተነስቶ፣ የሚዳኘን አዝማሪ ነው እንዴ ብሎ ሰውን አሳቀበት።

«ከዚያ ወዲህ ገላውን ሲታጠብ እንኳ ሰምቼው አላውቅም» አለች። «አንቺ ያኔ ገና ጡት አልጣልሽም።»

አባቴ ዓይኑን ይጨፍናል። መጀመሪያ የሚሰማው ማንጎራጎር ብቻ ነው፤ ወለሉን ተከትሎ የሚመጣ የሚመስል ወፍራም ድምፅ። ከዚያ ከንፈሩ ይላቀቃል።

«ዝናቡ እስኪያባራ፣ ቁሚ ከእኔ ጋራ...»

ቃል ነው። አራት ወር ሙሉ «ውሃ» ማለት ያቃተው አፍ፣ ቃሉን ከነፊደሉ፣ ከነዜማው ያወጣዋል። ጸሐፊዋ አፏን በእጇ ትይዛለች። እኔ ወንበሩ ሥር ተንበርክኬያለሁ፤ መቼ እንደተንበረከኩ አላውቅም።

«አባዬ» እለዋለሁ፣ የግራ እጁን ይዤ። «እስቲ አንድ ነገር በለኝ። ስሜን ጥራኝ።»

ዜማውን ያቆማል። ዓይኑን ይከፍታል። አገጩ ይንቀጠቀጣል፤ የአንገቱ ሥር ይገታተራል።

«እ...» ይላል። «እ... እ...»

ምነው ዝም ባልኩ። የማይገባኝን ጠይቄ ያገኘውን አሳጣሁት። ፊቱን ወደ ግድግዳው ሊያዞር ሲል፣ እናቴ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ አጠገቡ ትቀመጣለች። የተወውን ዘፈን በተሰነጠቀ ድምፅዋ፣ ቀስ ብላ ታነሳዋለች። አንድ መስመር ብቻዋን ትሄዳለች። በሁለተኛው አባቴ ይደርስባታል፤ ቃሉ እንደገና ይመጣለታል።

ዓይን ለዓይን እየተያዩ ይዘፍናሉ። እጁ እጄ ውስጥ እንዳለ፣ ከንፈሬን ከነሱ ጋር ላንቀሳቅስ እሞክራለሁ። ቀጣዩን ስንኝ አላውቀውም።